እጇ እኔ ክምር ውስጥ

የምርጫው ውጤት ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈ ቀን ሄጄ አየሁ። መሰላል ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ፣ ባልዲ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ይላል። መሰላልና ባልዲ የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ምልክት ናቸው፤ ስማቸው ስለሚረዝምብን በምልክታቸው ነው የምንጠራቸው። እኔ መሰላል ነኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ብተወውም ቁጥር አይጠፋኝም፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሰው! እዚሁ እኛው ጣቢያ፣ እዚሁ ሰፈራችን ሄርማታ! የት ነው የሚኖሩት? ከየትኛው ሱቅ ነው ስኳር የሚገዙት? ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት ገበያው ጥግ ነው፤ ባልዲ መረጥኩ ያለኝ አንድ ሰው አላጋጠመኝም።

የምሠራው ቡና መጋዘን ውስጥ ነው፤ ለቀማ። ለማያውቀው ልንገር፦ ተፈልፍሎ የመጣውን ቡና ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይደፉልናል። አራት ሴት በዚህ፣ አራት ሴት በዚያ ትይዩ እንቀመጣለን። ሁላችንም የየራሳችንን ክምር ወደ ራሳችን እንስባለን፤ ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ነቀዝ የበላውን ለቅመን ጣሳ ውስጥ እንጥላለን፣ ንጹሑን በየኬሻችን እናስገባለን። እጅ ሥራ ይዟል፤ አፍ ግን ሥራ ፈት ነው። እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ።

ስምንታችንም መሰላል ነን። ተማክረን አይደለም። አንዷ ትናገራለች፣ ሰባታችን "እንዴታ!" እንላለን፤ እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ሆነን ቀረን። መሰላል ምን ቃል እንደገባ ብትጠይቁኝ በደንብ አልነግራችሁም። የባልዲን ክፋት ግን ከጠዋት እስከ ማታ ውኃ ሳልጠጣ እነግራችኋለሁ።

ያለምወርቅ ስልክ አላት፤ ከስልኳ ያየችውን ታመጣልናለች። የባልዲ ሰው ሰላም ሲሉት አይመልስም። የባልዲ ሰው ለቅሶ ቤት የሚሄደው ምን እንደተሠራ ሊያይ ነው። ሱዓድ ደግሞ ስልክ አያስፈልጋትም፤ ከአክስቶቿ ትሰማለች።

"ወላሂ፣ የባልዲ ሴት ድስት ተውሳ ስትመልስ ክዳኑ የለም" አለችን አንድ ቀን።

"ክዳኑን ምን ያደርጉታል?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቄ! ያስቀሩታላ።"

እኛም በየሆዳችን በዕድሜያችን የጠፋብንን ክዳን ሁሉ ቆጠርን።

የሁለት መቶ ሰማንያ ስምንቱን ወሬ ይዤላቸው ስሄድ ያለምወርቅ ወዲያው ፈታችው። "በመኪና ጭነው አምጥተዋቸው ነዋ!" አለች። እኔ ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የመጣ መኪና የለም። አንድ አህያ ብቻ ነው ያለፈው። ቢሆንም "እንዴታ!" አልኩ።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ዓይኔ ቅርብ ያለውን ነገር ማየት ተወ። ሩቁን ጥሩ አድርጌ አያለሁ፤ ከመጋዘኑ በር ሆኜ አስፋልቱ ላይ የሚሄደው ማን እንደሆነ በአረማመዱ እነግራችኋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ፍሬ ግን ሁሉም አንድ ሆነብኝ። ስባሪውን በጣቴ አውቀዋለሁ፤ ስለታም ነው፣ ይቆረቁራል። ጥቁሩ ግን ለጣት እንደ ጤነኛው ነው።

መጋዘናችን ግድግዳ ላይ ሁለት ሕግ ተጽፏል። አንደኛው፣ ኬሻዋ በአንድ ወቅት ሦስት ጊዜ የወደቀባት ሴት ጠረጴዛውን ትለቃለች። ሁለተኛው፣ የሌላዋን ክምር ወይም ኬሻ የነካች ትለቃለች። የምትቆጣጠረን ሔራን ናት፤ ልጅ ናት፣ ተምራለች፣ ግን አትጮኽም። ከየኬሻው እፍኝ ታወጣና ነጭ ጨርቅ ላይ በትና ጥቁሩን ትቆጥራለች። ከአምስት በለጠ ማለት ወደቀ ማለት ነው። የእኔ በግንቦት ወደቀ። ምርጫው በዋለ በሳምንቱ ደግሞ ሰኔ ላይ እንደገና ወደቀ።

"ዝናብ ነው፤ ብርሃኑ ጠፍቶ ነው" አልኳቸው። ለሱዓድ እንኳ እውነቱን አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ባሌ ነፍሱን ይማረውና የለም፤ ልጆቼ በየፊናቸው ሄደዋል። ሰኞ ጠዋት ያ ጠረጴዛ ባይኖር ከማን ጋር ላወራ ነው? ከድመቷ ጋር? ድመቷ ደግሞ መልስ አትሰጥም፤ መልስ የማይሰጥ ሰው አልወድም።

እንዲህ እያለሁ ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ሸዋረገጥ፣ ልጇ ወልዳ ልታርሳት አሰንዳቦ ሄደች። በቦታዋ ሔራን አንዲት ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት አመጣችልን። ናኢማ ትባላለች። የደዶ ልጅ ናት፤ ልብስ ሰፊ አግብታ ሄርማታ መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው።

"ኣካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ?" ብላ ተቀመጠች። እጇ ፈጣን ነው፤ ወዲያው አየሁት።

ሱዓድ ስንት ልጅ አለሽ እንደሚባለው አድርጋ "ማንን መረጥሽ?" አለቻት።

"ባልዲ። እናንተስ?"

የሰባታችን እጅ ባንዴ ቆመ። ከዚያ በፊት እንዲህ የቆመው ጣሪያው የፈሰሰ ቀን ብቻ ነው።

"ባልዲ?" አለች ያለምወርቅ።

"ኤዬ፣ ባልዲ።"

"በራስሽ?"

"ከማን ጋር ይመረጣል?" አለችና ሳቀች። ሳቋ ደግሞ ደስ ይላል፤ ያ ነው ያስጠረጠረኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬያችን ተበላሸ። ባልዲን ስናማ ባልዲ ፊታችን ቁጭ ብላለች። ቀና ብላ ትሰማና "እሱ እንኳ እውነት ነው" ትላለች፣ ወይም "እሱስ ውሸት ነው፤ እኔ እዚያው ነበርኩ" ትላለች። እዚያው የነበረ ሰው ሲኖር ማማት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቃል። ሱዓድ ሁለት ክዳን ያለው ምሳ ዕቃዋን ከናኢማ አርቃ ማስቀመጥ ጀመረች።

በሦስተኛው ቀን ይሆናል፣ አንድ ነገር አየሁ። ቅርቡን ባላይም የሚንቀሳቀስ እጅ አይጠፋኝም። ናኢማ ከራሷ ክምር ትለቅም ትለቅምና እጇ ጠረጴዛውን ተሻግሮ እኔ ለቅሜ የጨረስኩት ላይ ያርፋል። ነካ፣ መለስ። እንደ ዶሮ። ቀና ስል ወደ ራሷ ክምር ተመልሳለች።

ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ ይሄንን የማያውቅ የለም። ጥቁር እየጨመረችብኝ ነው! አንዲት መሰላል ከጠረጴዛው ብትነሣ ለነሱ አንድ ነገር ነው። በቦታዬ ሌላ ባልዲ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ሌላ፣ ለሚቀጥለው ምርጫ ጠረጴዛው አልቋል።

ለሱዓድ በጆሮዋ ነገርኳት። "አላልኩሽም?" አለች። አላለችኝም፤ ግን ጊዜው አልነበረም።

ማስረጃ መያዝ አለብኝ ብዬ በምሳ ሰዓት ከኬሻዬ እፍኝ አወጣሁና በሩ ጋ፣ ብርሃን ላይ ሄድኩ። እጄን እስከ መጨረሻው ዘረጋሁ፤ ሲርቅልኝ አየዋለሁ። ብፈልግ ብፈልግ ጥቁር የለም። አንድም! ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ያለ ኬሻ ኖሮኝ አያውቅም።

"ሱዓድ" አልኳት፣ "እየጨመረች አይደለም። እያወጣች ነው።"

እኔ እንኳ አሁን እፍረት ይይዛታል ብዬ ነበር። "ይሄማ የባሰ ነው!" አለች። "እያጠራቀመች ነው። የመሰላል ሴቶች ይህን ያህል ጥቁር ያሳልፋሉ ብላ ልታሳይብን ነው።"

"ለማን?"

"ለላኳት ሰዎች ነዋ! ለመሆኑ አንቺ ክምር ውስጥ ጥቁር ከየት መጣ?"

"ከዝናቡ ነው" አልኳት።

ነገሩ እየከነከነኝ ናኢማን ቧንቧው ጋ እጇን ስትታጠብ አገኘኋት። ዙሪያ ጥምጥም አልወድም።

"እጅሽ እኔ ክምር ውስጥ ምን ይሠራል?"

ዘወር ብላ ሰው አለመኖሩን አየች። "አዴ ፋንቱ፣ ማሎ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ። ጥቁሩ እየቀረብዎት ነው። ለማንም አልተናገርኩም።"

"ማን አግዢኝ አለሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ አዘንሽልኝ?"

"ትንሽ አዝኛለሁ" አለች። ቀጥላ ግን አፈረች። "እውነቱን ልንገርዎት? ይበልጥ ፈርቼ ነው። እዚህ ልሠራ ስመጣ የኛ ሰዎች ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? የመሰላል ሴቶች የራሳቸው ሰው ያጠፋውን በእንግዳ ነው የሚያላክኩት አሉኝ። እኔ በመጣሁ በሳምንቱ የእርስዎ ኬሻ ቢወድቅ ማን አደረገው ይባላል? ባልዲዋ ነዋ!"

"እንዲህ ያለ ወሬ ታምኛለሽ?" አልኳት ተቆጥቼ። "እኛን ሳታውቂ?"

"ደግሞ ሰላም ሲሏቸው አይመልሱም ብለውኛል።"

"ማን? እኛ?"

"ኤዬ። የመጀመሪያው ቀን ኣካም ቡልተኒ ስል ማን መለሰልኝ?"

አሰብኩ። ማንም አልመለሰላትም። ሱዓድ ማንን መረጥሽ ነው ያለቻት።

"ያው ሥራ ላይ ስለነበርን ነው" አልኳትና "ሁለተኛ እጅሽን እንዳታስገቢ!" ብያት ሄድኩ። ውለታ አልወድም፤ ከባልዲ ደግሞ ይብሳል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሱዓድ ለካ ለሔራን ነግራለች። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ሔራን ቆማለች። ናኢማም ከኋላዬ መጥታ ተቀመጠች።

"ናኢማ፣ የሰው ክምር ነክተሻል ተባለ" አለች ሔራን።

"ነክቻለሁ።"

"ሕጉን ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ነካሽ?"

ናኢማ አንድ ጊዜ አየችኝና ጣሳዋን ማየት ጀመረች።

"አየሽ!" አለች ሱዓድ። "መልስ የላትም። እኔ ከመጀመሪያውም ብያለሁ።"

ያለምወርቅ "እንዴታ!" አለች። ሌሎቹም እንዴታ አሉ። ስድስት ሰው ሲጠብቀኝ ይሰማኛል፤ ሰባተኛው እንዴታ የእኔ ነው። ዝም ብል ናኢማ ትነሣለች፣ እኔ እቀመጣለሁ። ቢያንስ ኬሻው ሦስተኛ እስኪወድቅ። ከእሷ በቀር ማንም ስለ ዓይኔ አያውቅም። ሔራን "በይ ናኢማ፣ ዕቃሽን ያዢ" አለች፤ ናኢማም ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ከጠረጴዛው ሥር መፈለግ ጀመረች።

ስለ ደግነት እንዳይመስላችሁ። እኔን ያንገበገበኝ የናኢማ ሰዎች፣ የደዶዎቹ ነገር ነው። የራሳቸው ሰው ያጠፋውን በእንግዳ ያላክካሉ ብለዋታል፤ ይኸው፣ አንድ በአንድ እንዳሉት እየሆነ ነው። አሁን ይቺ ሴት ደዶ ሄዳ "እውነታችሁን ነው" ልትላቸው ነው! እኔን ሳያውቁኝ ስለ እኔ የተናገሩት ትክክል ሊሆን! እሱንስ አልችለውም።

"ሔራን፣ ተያት" አልኩ። "ጥቁሩ የእኔ ነው። ዓይኔ ቅርብ አያይም። ከሚያዝያ ጀምሮ አያይም። እሷ ስታወጣልኝ ነው የሰነበተችው፤ የኔን ኬሻ ያሳለፈችው እሷ ናት።"

ሱዓድ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

"ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገብሽ ተቀምጬ!" አለችኝ። "ለባልዲ ነግረሽ ለእኔ አልነገርሽም!"

"ለማንም አልነገርኩም። እሷ ናት ያወቀችው።"

"እኔስ ለምን አላወቅኩም?"

"አንቺ ስታወሪ ነበራ።"

ያኔ ያለምወርቅ፣ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባት፣ ሲገባት ግን ሥሩን ይዛ ትነቅለዋለች፣ "ቆይ ቆይ ፋንቱ" አለች። "ቅርብ የማታዪ ከሆነ የመረጥን ቀን ምልክትሽን ወረቀቱ ላይ የቱ ጋ ነው ያደረግሽው?"

"የት ላድርግ? መሰላሉ ላይ ነዋ!"

"መሰላሉ ስንተኛ ነበር?"

"ሦስተኛ።"

ያለምወርቅ ወደ ሱዓድ ዞረች። ሱዓድ በጣቷ ስትቆጥር አየኋት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። "አራተኛ ነው" አለች በቀስታ። "ሦስተኛው ባልዲ ነው።"

"ውሸት ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "በዓይኔ አይቼ ነው ያደረግኩት!"

"በየትኛው ዓይንሽ?" አለች ሱዓድ።

ናኢማ ጫማ መፈለጓን ተወች። "ማሻአላህ!" አለች። "እኛ ለካ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ብቻ ነበርን።"

መጀመሪያ ሔራን ናት የሳቀችው። ቀጥሎ አንዷ፣ ቀጥሎ ሌላዋ፣ በመጨረሻ ሱዓድ ራሷ ሆዷን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች፤ ቡናው በየቦታው ተበተነ። እኔ አልሳቅኩም። አሁንም መሰላል ነው የመረጥኩት። ወረቀቱ ታሽጓል፤ ማንም አውጥቶ አያሳየኝም፤ ስለዚህ መሰላል ነው።

ሔራን ዓይኗን እየጠረገች "እትዬ ፋንቱ" አለችኝ፣ "ሦስተኛው አልወደቀም፤ ራስዎ ቀድመው ተናግረዋል። ናኢማም የነካችው ልታግዝ ነው፣ ትቀመጥ። ግን መነጽር እስኪያሠሩ ድረስ የራስዎ ኬሻ አይኖርዎትም። ከናኢማ ጋር በአንድ ኬሻ ይሥሩ፤ እርስዎ ስባሪውን፣ እሷ ጥቁሩን። ከወደቀ የሚቆጠረው በእሷ ነው። ናኢማ፣ ትስማሚያለሽ? ካልተስማማሽ እትዬ ፋንቱ ቤታቸው ይቆያሉ።"

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር በአንዲት ባልዲ አፍ ላይ ተንጠለጠለ። ናኢማ ጥቁር ለቅማ ጣለች፤ ሌላ ለቅማ ጣለች።

"እስማማለሁ" አለች። "ግን አንድ ነገር አለኝ። ባልዲን መስደብ ይቁም።"

"ሙሉ ቀን?" አልኩ። "አይሆንልኝም። ቤቴ እሄዳለሁ።"

"ሙሉ ቀን አላልኩም፣ አዴ። እስከ ስድስት ሰዓት።"

"እስከ ሦስት።"

"ሦስት? የምንገባው እኮ በሁለት ነው!"

"አንድ ሰዓት ሙሉ መቻሌ ቀላል ነው?"

"አምስት ተኩል" አለች ናኢማ።

"አራት። ጠዋት ነው አፌ የሚከፈተው፤ ከሰዓት በኋላማ ይደክመኛል።"

"አምስት። የመጨረሻዬ ነው። እዚህ ቁጭ ብዬ የሰውን ጥቁር እየለቀምኩ ስድብ ልለቅም አልችልም።"

ከዚያ ወዲያ እንደማትወርድ ፊቷ ላይ አየሁት። ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ የሚሸጥ ነጋዴ እንኳ እንዲህ አይከራከረኝም። "እሺ፣ አምስት" አልኩና እጄን ዘረጋሁላት፤ መታችልኝ። ሔራን እየሳቀች ሄደች።

"እኔ በዚህ ውል የለሁበትም" አለች ሱዓድ።

"አንቺ እንደፈለግሽ ስደቢ" አለቻት ናኢማ። "አዴ ፋንቱ ግን ሊቀመጡ የሚመጡት አጠገቤ ነው፤ ጆሮዬን ያደነቁሩታል።"

በማግስቱ ወንበሬን ይዤ በዚያኛው በኩል ዞሬ ከናኢማ ጎን ተቀመጥኩ። "ኣካም ቡልቴ" አልኳት፣ ደዶ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ሱዓድ ሆን ብላ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ባልዲን ታነሣለች፤ "አይደል ፋንቱ?" እያለች ትነካካኛለች። ምላሴን ነከስኩ። ሦስት ሰዓት አለፈ፤ አራት አለፈ። ስባሪ እንደዚያን ቀን ለቅሜ አላውቅም። ያለምወርቅ ከስልኳ ላይ ሰዓቱን በየጊዜው እየነገረችኝ ነው፤ ርኅራኄ የላትም።

ከዚያ ናኢማ ቀና ሳትል በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

"አዴ ፋንቱ፣ አምስት ሞልቷል። ይጀምሩ።"

ሁሉም ይጠብቁኛል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የታፈነ ነገር የቱ ቀድሞ እንደሚወጣ አያውቅም።

"ከየት ልጀምር?" አልኳት።

"ከእጩአችን ይጀምሩ" አለችኝ። "እሱን እኔም አልወደውም።"